ሽጉጥ፣ ሽሽትና ሕግ

የዛሬው ጽሑፌ ከወትሮው የፖለቲካ ትንታኔ ፈቀቅ ያለ ሊመስላችሁ ይችላል። ነገሩ ሲመረመር ግን ከፖለቲካ የራቀ አይደለም። የአንድ መንግሥትና የዜጋው ውል ምን እንደሚመስል በግልጽ ከሚታይባቸው አጋጣሚዎች አንዱ፣ ዜጋው ራሱን ለማዳን እጁን የሚያነሣበት ቅጽበት ነውና።

የጽሑፉ መነሻ አንድ የስልክ ጥሪ ነው። የአክስቴ ልጅ፣ በዕድሜ ስለሚበልጠኝ «ጋሼ» እያልኩ የምጠራው፣ በአሜሪካ በቨርጂኒያ ግዛት፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ይኖራል። ከ20 ዓመት በላይ ታክሲ ነድቷል። አንድ ሌሊት ከኋላ የተቀመጠ ተሳፋሪ ማጅራቱ ላይ ሽጉጥ ደግኖ የዕለት ገቢውን ወሰደበት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በአካሉ ላይ የደረሰ ጉዳት የለም። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ግን እንቅልፍ እንደራቀው ባለቤቱ ነግራኛለች። ከጥቂት ወራት በኋላ ደወለልኝና፣ «ዶክተር» አለኝ፤ በቤተሰባችን ዘንድ ይህ ማዕረግ ግማሹ አክብሮት፣ ግማሹ ቀልድ ነው። «ዶክተር፣ ሽጉጥ ገዛሁ። ኮርሱን ወስጄ የመያዣ ፈቃዱንም አውጥቻለሁ። ከእንግዲህ ከሸሚዜ ሥር ሸጉጬ ልሠራ ነው። አንተ የብዙ አገር ታሪክ አንብበሃል፤ ምን ትለኛለህ?»

ወዲያውኑ መልስ አልሰጠሁትም። እኔ የታሪክ መምህር እንጂ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ጥያቄውን ከሥሩ ለመመርመር ጥቂት ሳምንታት ወሰደብኝ። ያገኘሁትን ለእሱ ከነገርኩት በኋላ፣ ለሌላውም ይጠቅም እንደሆነ ብዬ እነሆ ጻፍኩት። ዓመተ ምሕረት ብዬ ካላመለከትኩ በቀር ዘመኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸው ልብ ይባልልኝ።

የተሸጎጠው መሣሪያ

አስቀድመን ቃሉን እንመልከት። «ሽጉጥ» የሚለው ስም «ሸጎጠ» ከሚለው ግስ የተገኘ ነው፤ የተሸጎጠ፣ የተደበቀ ማለት ነው። አባቶቻችን ምንሽራቸውንና ዲሞትፈራቸውን በትከሻቸው ተሸክመው ሲሄዱ ሁሉም ያያቸው ነበር። መሣሪያው ማዕረግ ነው፤ ማስጠንቀቂያም ነው። ሽጉጡ ግን ስሙ ራሱ እንደሚናገረው ከሰው ዓይን የተሰወረ ነው። ባለ ምንሽሩን ያየ ሰው ንግግሩን ይመጥናል፤ ባለ ሽጉጡን ግን ማን ያውቀዋል?

የሚገርመው፣ የቀድሞዎቹ አሜሪካውያንም ተመሳሳይ ፍርድ ነበራቸው። ዛሬ አሜሪካ የጦር መሣሪያ ነፃነት አገር ስትባል የምንሰማ ሰዎች፣ ሸሽጎ መያዝን በመከልከል ቀዳሚዎቹ የደቡቡና የድንበሩ ግዛቶች መሆናቸውን ስናነብ እንደነቃለን። ኬንታኪና ሉዊዚያና በ1813 ከልክለዋል፤ ጆርጂያም በ1837 ተከትላለች። የዘመኑ አስተሳሰብ፣ ጨዋ ሰው መሣሪያውን በግልጽ ይታጠቃል፣ የሚደብቀው ግን አድብቶ ገዳይ ነው የሚል ነበር። የኬንታኪ ፍርድ ቤት በ1822 ክልከላውን ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ቢሽረውም፣ የግዛቲቱ ሰዎች በ1850 ሕገ መንግሥታቸውን አሻሽለው ምክር ቤቱ ሸሽጎ መያዝን እንዲከለክል ሥልጣን ሰጡት።

ይህ አስተሳሰብ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ተገለበጠ። ከዚያ በፊት ፈቃድ የሚሰጠው በባለሥልጣን መልካም ፈቃድ ነበርና፣ የባለሥልጣኑም ዓይን ቀለም ይለይ ነበር። ለዚህ ዋነኛው ምስክር ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ነው። በጥር 1956 በሞንትጎመሪ ከተማ ቤቱ በቦምብ ከተመታ በኋላ፣ ሽጉጥ ሸሽጎ ለመያዝ ፈቃድ ጠየቀ። ተከለከለ። ከእሱ የበለጠ ለሕይወቱ የሚሰጋ ሰው በዚያ ግዛት ማን ነበር? እሱ በኋላ በራሱ የሕሊና ጉዞ መሣሪያን እርግፍ አድርጎ ተወ። የሕጉ አድልዎ ግን በታሪክ ላይ ተጽፎ ቀርቷል። ስለዚህ የፈቃድን ጉዳይ ከባለሥልጣን መዳፍ ማውጣት ይገባል የሚሉ ሰዎች ክርክራቸው ባዶ አይደለም።

በ1987 ፍሎሪዳ መስፈርቱን ላሟላ ሁሉ ፈቃድ የሚሰጥ ሕግ አወጣች፤ ሌሎችም ተከተሏት። ከጥንትም ፈቃድ ጠይቃ የማታውቀው ቬርሞንት ነበረች፤ አላስካ በ2003 ፈቃድን እንደ ግዴታ መጠየቅ አቆመች። በመጋቢት 2024 ደቡብ ካሮላይና ስትጨመር ያለ ፈቃድ መያዝን የፈቀዱት ግዛቶች 29 ደረሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2008 በቤት ውስጥ፣ በ2022 ደግሞ ከቤት ውጭ መሣሪያ መያዝ የግለሰብ መብት ነው ሲል ወሰነ። በ2022ቱ ውሳኔ የፈረሰው፣ ኒውዮርክ ከ1913 ጀምሮ የተከተለችው አመልካቹ የተለየ ምክንያት እንዲያቀርብ የሚጠይቅ ሥርዓት ነበር።

እንግዲህ መያዝ መብት ሆነ። መያዝና መተኮስ ግን ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። የዘመዴ ጥያቄ ያለውም በሁለቱ መካከል ነው።

የሽሽት ታሪክ

በጥንታዊው የእንግሊዝ ሕግ ሰው የገደለ ሰው የንጉሡን ሰላም ያደፈረሰ ነው። ራሴን ለማዳን ነው የሚል ሰው፣ አስቀድሞ የሸሸ መሆኑን ማስረዳት ነበረበት፤ ጀርባው ከግድግዳ እስኪጣበቅና መሄጃ እስኪያጣ ድረስ ማፈግፈግ ነበረበት። ይህ ፈሪነትን ለማስተማር የወጣ ሕግ አይደለም። ሐሳቡ፣ የሰው ነፍስ የማጥፋት ሥልጣን የመንግሥት እንጂ የግለሰብ አይደለምና፣ ግለሰቡ ያንን ሥልጣን የሚዋሰው ሌላ አማራጭ ሲጠፋ ብቻ ነው የሚል ነው። አንድ ልዩ ሁኔታ ነበር፤ እሱም ቤት ነው። በ1604 በተሰጠ ታዋቂ ፍርድ የሰው ቤት እንደ ምሽጉ ተቆጠረ፤ ከገዛ ቤቱ ወዴት ይሸሻል?

ይህ ሕግ አትላንቲክን ተሻግሮ አሜሪካ ሲደርስ ጠባዩ ተለወጠ። የኦሃዮ ፍርድ ቤት በ1876፣ የኢንዲያና ደግሞ በ1877፣ ጥፋት የሌለበት ሰው በሚገባው ቦታ ቆሞ ሳለ ከአጥቂው የመሸሽ ግዴታ የለበትም አሉ። በ1895 ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። የጠቡ መነሻ፣ አንባቢዬ፣ ላም ነበረች! አንድ ገበሬ በላም ይገባኛል ጠብ ከመጡበት ወንድማማቾች አንዱን በጠመንጃው ሰደፍ መትቶ ገደለው። የሥር ዳኛው፣ በስቅላት ፍርዱ ስሙ የገነነው አይዛክ ፓርከር፣ መሸሽ ነበረበት ብሎ ለዳኝነት ጉባኤው አስረዳ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን ሰውየው በገዛ ግቢው ሳለ መሸሽ አይገባውም ሲል ፍርዱን ሻረ።

በ1921 የታየው የቴክሳሱ ጉዳይ ለዘመዴ ጥያቄ ይበልጥ ይቀርባል። አንድ የግንባታ ሥራ ተቆጣጣሪ፣ የቆየ ጠብ ያለው ሰው እንደሚገድለው ዝቶበት ስለነበር፣ ሽጉጥ ይዞ ወደ ሥራው መጣና በኮቱ ውስጥ አኖረው። ባላንጣው ቢላ ይዞ መጣበት፤ እሱም ወደ ኮቱ ሄዶ ሽጉጡን አንሥቶ ገደለው። ከተተኮሱት ጥይቶች የመጨረሻው ሟቹ ከወደቀ በኋላ ነው የሚል ምስክርነትም ቀረበ። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ሆልምስ፣ ቢላ ተሰንዝሮበት የቆመን ሰው በተረጋጋ አእምሮ አስብ ማለት አይቻልም በሚል መንፈስ ፍርዱን ሻሩ። ሰብአዊነት ያለው አነጋገር ነው። ግን አንድ ነገር ልብ እንበል፤ ፍርዱ ስለ ተሰነዘረ ቢላ ይናገራል። ስለ ስድብ፣ ስለ ግፍተራ፣ ስለ መኪና ማቆሚያ ቦታ የሚናገረው ነገር የለም።

በ2005 ፍሎሪዳ «በቦታህ ጽና» በሚል ስም የሚታወቀውን ሕግ አወጣች፤ በሕግ በሚገኝበት በማንኛውም ቦታ የተጠቃ ሰው የመሸሽ ግዴታ እንደሌለበት ደነገገች። ብዙ ግዛቶች ተከተሉ። ውጤቱስ? ሁለት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች፣ ቼንግና ሆክስትራ፣ በ2013 ባሳተሙት ጥናት እነዚህ ሕጎች ወንጀልን አለመግታታቸውን፣ የሰው ግድያ ግን በ8 ከመቶ ገደማ መጨመሩን አሳይተዋል። ነገር ሊበርድ የሚችልባቸው ጠቦች በሞት አለቁ ማለት ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በፉከራና በቀረርቶ ያደገ ባህል «ሸሽ» የሚለውን ስድብ ከሞት አስበልጦ ይፈራል። ይኸው ባህል ግን «ከመሞት መሰንበት» የሚል ምሳሌም አኑሮልናል። የትኛውን በየትኛው ሰዓት እንደምናስታውስ ነው ጥያቄው።

ሕጉ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች

ግዛቶቹ በመሸሽ ጉዳይ ቢለያዩም፣ ከተኩስ በኋላ ፍርድ ቤት የሚያነሣቸው ጥያቄዎች በመሠረቱ ተመሳሳይ ናቸው። ጠቡን ማን ጀመረው? አደጋው እዚያው የደረሰ ነበር ወይስ ያለፈ አለዚያም ገና የሚመጣ? የተሰጠው መልስ ከአደጋው ጋር ይመጣጠናል? ተኳሹ ለሕይወቱ መስጋቱ እውነት ነበር? ሌላ አስተዋይ ሰው በእሱ ቦታ ቢሆን ይሰጋ ነበር? ከእነዚህ ባንዱ የወደቀ ሰው ፈቃዱን ከኪሱ አውጥቶ ቢያሳይ አይጠቅመውም። ፈቃዱ የመያዝ እንጂ የመግደል አይደለምና።

ሦስት ጉዳዮችን ላንሣ። አንደኛው በታኅሣሥ 1984 በኒውዮርክ የምድር ባቡር የሆነው ነው። በርናርድ ጌትስ የተባለ ሰው፣ አንደኛው 5 ዶላር ስጠን ባለው ጊዜ፣ አራት ወጣቶችን በተሸሸገ ሽጉጥ ተኩሶ አቆሰላቸው። ከተማው በወንጀል የተማረረ ነበርና ብዙዎች እንደ ጀግና ቆጠሩት። በ1987 ከግድያ ሙከራ ክስ ነፃ ወጣ፤ ያለ ፈቃድ መሣሪያ በመያዝ ግን ተፈርዶበት ታሰረ። በ1996 ደግሞ በፍትሐ ብሔር ክስ፣ ሽባ ሆኖ ለቀረው ወጣት 43 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተወሰነበት። በወንጀል ነፃ መውጣት የመጨረሻው ምዕራፍ አለመሆኑን ከዚህ እንማራለን።

ሁለተኛው በሐምሌ 2018 በፍሎሪዳ ክሊርዋተር ከተማ የደረሰው ነው። ሸሽጎ የመያዝ ፈቃድ ያለው ሰው፣ ለአካል ጉዳተኞች በተተወ ቦታ ላይ የቆመ መኪና አይቶ ውስጥ ከተቀመጠችው ሴት ጋር ክርክር ገጠመ። የሴትዮዋ ባልንጀራ ከሱቅ ወጥቶ ገፍትሮ ጣለው። የወደቀው ሰው ሽጉጡን መዘዘ፤ ገፍታሪው ሽጉጡን አይቶ ወደ ኋላ ሲል በሱቁ ካሜራ ታይቷል። ከዚያ አንድ ጥይት። የአካባቢው የፖሊስ ሹም መጀመሪያ ሕጉ አያስርም ብሎ ለቀቀው። በኋላ ዐቃቤ ሕግ ከሰሰው፤ በ2019 ጥፋተኛ ተብሎ 20 ዓመት ተፈረደበት። አንድ አባት ሞተ፤ አንድ ሰው ዕድሜውን በወህኒ ይገፋል። ያችን ቦታ ማንም ይቁምባት ማን፣ ለተኳሹ ምኑ ነበር?

ሦስተኛው በየካቲት 2020 በጆርጂያ ብራንስዊክ አቅራቢያ፣ በሩጫ ላይ የነበረው አህሞድ አርበሪ በተባለ ጥቁር ወጣት ላይ የተፈጸመው ነው። አሳደዱት፣ መንገዱን ዘጉበት፣ መሣሪያውን ሊያስጥል ሲታገል ተኩሰው ገደሉት፤ ከዚያ ራሳችንን ተከላከልን አሉ። የዳኝነት ጉባኤው በኅዳር 2021 ሦስቱንም ጥፋተኛ አላቸው። ጠብን ፈልጎ የሄደ ሰው የጠቡን ፍጻሜ እንደ መከላከያ ሊያቀርበው አይችልም።

ከሦስቱ አንድ ትምህርት ይወጣል። ያልታጠቀ ሰው ቢሰደብና መልሶ ቢሳደብ፣ ቢገፈተርና መልሶ ቢገፈትር፣ ፍጻሜው አብዛኛውን ጊዜ ያበጠ ፊት ነው። የታጠቀ ሰው ግን ይህ ዕድል የለውም። የሚገባበት ጠብ ሁሉ ሽጉጥ ያለበት ጠብ ነው፤ ትግል ቢጀመር መሣሪያው በማን እጅ እንደሚገባ አያውቅም። ስለዚህ ጠብ ማብረድ ለእሱ ጨዋነት ብቻ አይደለም፤ መከላከያው የሚጀምረው ከዚያ ነው። ድምፅን ዝቅ ማድረግ፣ ጥፋቱ የሌላው ቢሆንም «ይቅርታ» ማለት፣ ርቀትን መጠበቅ፣ እጅን ባዶ አድርጎ ማሳየት፣ መንገድ መልቀቅ፣ ገንዘቡን መስጠት፣ ከዚያም ፖሊስ መጥራት። ሽጉጡን አውጥቶ «ለማስፈራራት ያህል» ማሳየት ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል ሊሆን ይችላል።

ድልድዩ

ጋሼን ያስደነገጠው ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ ድልድዩ ነው። እሱ የሚኖረው በቨርጂኒያ ነው፤ እንጀራው ያለው ግን ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ፣ በዋሽንግተን ነው። ደንበኞቹ ወደ ሜሪላንድ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግም ይሄዳሉ። በአንድ ሌሊት ሦስት የሕግ ግዛቶችን ይረግጣል ማለት ነው።

የቨርጂኒያ ፈቃድ በዋሽንግተን አይሠራም፤ በሜሪላንድም አይሠራም። ሁለቱም የየራሳቸውን ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ ሥልጠናውም ከቨርጂኒያው የከበደ ነው። በዋሽንግተን ያለ ፈቃድ ሽጉጥ ይዞ መገኘት እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር ወንጀል ነው። የመሸሽ ሕጉም ከወንዙ ጋር ይለዋወጣል። በቨርጂኒያ በጠቡ ምንም ጥፋት የሌለበት ሰው መሸሽ አይጠበቅበትም፤ ጥቂት እንኳ ጥፋት ካለበት ግን ይጠበቅበታል። በሜሪላንድ ከቤት ውጭ በደህና ማምለጥ የሚቻል ከሆነ ማምለጥ ግዴታ ነው። ዋሽንግተን በመካከል ቆማለች፤ ግዴታ የለም፣ ነገር ግን የዳኝነት ጉባኤው ማምለጥ ይችል እንደነበር ሊመዝነው ይችላል።

ከዚህ በላይ ደግሞ አለ። ጋሼ እስከ ዛሬ ዜግነት አልወሰደም፤ ያለው የመኖሪያ ፈቃድ ነው። በአሜሪካ የስደተኞች ሕግ መሠረት በጦር መሣሪያ ወንጀል የተፈረደበት የውጭ ዜጋ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ቢኖረውም፣ ከአገር ሊባረር ይችላል። ማንንም ሳይተኩስ፣ ማንንም ሳያስፈራራ፣ ድልድዩን ስለተሻገረ ብቻ የ20 ዓመት ኑሮው ሊፈርስ ይችላል። ይህን ስነግረው በስልኩ ውስጥ ረጅም ዝምታ ሆነ። ከዚያ፣ «ታዲያ ኮርሱን የሰጠኝ ሰው ለምን ይህን አልነገረኝም?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ግን እውነቱን እንናገር፤ የጋሼ ጥያቄ በዚህ አይዘጋም። የዋሽንግተን ይግባኝ ፍርድ ቤት በ1981 በሰጠው ውሳኔ፣ ፖሊስ ለሕዝቡ በጠቅላላ እንጂ ለእያንዳንዱ ግለሰብ የጥበቃ ግዴታ የለበትም ብሏል። ታዲያ ሌሊት ብቻውን የሚነዳውን ሰው ማን ይጠብቀዋል? መንግሥት «አልጠብቅህም» ሲል፣ «ራስህንም አትጠብቅ» የማለት የሞራል ሥልጣኑ ይሳሳል። ይህን ክርክር የሚያነሡትን በቀላሉ ማጣጣል አይገባም።

በሕግ አምላክ

የአገራችን ሕግ በዚህ ረገድ ምን ይላል? የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል፤ ጥቃቱ ሕገ ወጥና የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ፣ በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችል፣ መከላከሉም ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ ከሆነ። «በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችል» የምትለው ሐረግ የድሮውን የእንግሊዝ ግድግዳ ታስታውሰኛለች። አንቀጽ 79 ደግሞ ልክ ያለፈውን ይመለከታል፤ በድንጋጤና በፍርሃት ልክ ያለፈን ሰው ፍርድ ቤት ቅጣት ሊያቀልለት፣ ከቅጣትም ነፃ ሊያደርገው ይችላል። መሣሪያ ስለመያዝ ደግሞ በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 አለ። አዋጁ በወረቀት ያለውን ያህል በምድር ላይ እንዳለ የአገሬ ሰው ይፍረድ።

ከአንቀጾቹ ይልቅ ግን አንድ የቆየ ልማዳችን በሐሳቤ ይመላለሳል። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ አንዱ ወይም አላፊ አግዳሚው «በሕግ አምላክ!» ሲል፣ የተነሣ ዱላ ይቆም ነበር። ፖሊስ የለም፣ ዳኛ የለም፤ ቃሉ ብቻ። ቃሉን የጣሰ ሰው የጣሰው ባላንጣውን ሳይሆን ሕጉንና የሕጉን አምላክ ነበር። ስለዚህ የቆመ ሰው «ፈራ» አይባልም፤ «ሕግ አከበረ» ይባላል። ጠብ ማብረድን ከውርደት ወደ ክብር የለወጠ ሥርዓት ነበር። ባለ ምንሽሮች በሞሉበት አገር እንዲህ ያለ ቃል መኖሩ በአጋጣሚ አይመስለኝም፤ መሣሪያ በበዛበት ቦታ የሚያቆም ነገር ያስፈልጋልና። ዛሬ በሁለቱም አገሮች መሣሪያው አለ፤ የሚጎድለው የሚያቆመው ቃል ነው።

ጋሼ ባለፈው ደውሎ አንድ ነገር አጫወተኝ። የእኔን ነገር ከመስማቱ በፊት፣ ሽጉጡን ታጥቆ በቨርጂኒያ ቤንዚን ሲቀዳ አንድ ጎረምሳ ተራዬን ወሰድክ ብሎ በእናቱ ሰደበው። «ድሮ ቢሆን ስቄ አልፈው ነበር» አለኝ። «ያን ቀን ግን እጄ ወደ ወገቤ ሲሄድ አየሁት። እኔ አልላክሁትም። ቤንዚኑን ሳልጨርስ መኪናዬን አስነሥቼ ሄድኩ። ልጁ ከኋላዬ ሲስቅ ይሰማኝ ነበር።»

ሽጉጡን አልሸጠውም። በቤቱ በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ አለ፤ ሕጉም ይህን ይፈቅድለታል። ሌሊት መንዳቱን ትቶ የቀን ሥራ ጀምሯል፤ ገቢው ቀንሷል። «ትክክል አደረግሁ?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ አዎን አልኩት። የቀነሰበትን ገቢ ግን እኔ አልከፍልለትም፤ ይህንንም አውቃለሁ።

ቸር ያሰማን።